ፎቶው የት ላይ ቀረ?

ታናሽ እህቴ በወለደች ማግስት የሕፃኑን ፎቶ ለቤተሰቡ ሁሉ በአንድ የቡድን መልእክት ላከች። ሁላችንም ደስታችንን እየተቀባበልን ስንጽፍ ከአክስቴ ዘንድ ግን አንድም ቃል አልመጣም። እርሳቸው እንዲህ ባለ ነገር ዝም የሚሉ ሰው ስላልሆኑ ነገሩ ከንክኖኝ በሳምንቱ ሄጄ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ፎቶውን ለሁሉም አሳይታችሁ ከእኔ የምትደብቁት ምን አጥፍቼ ነው?» አሉኝ። ስልካቸውን ተቀብዬ መልእክቱን ስከፍተው በፎቶው ቦታ «ለማውረድ ይንኩ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ግራጫ ሳጥን ተቀምጧል። አክስቴ ሳጥኑን ደጋግመው ነክተውታል፤ በነኩት ቁጥር ትንሿ ክብ ምልክት ጥቂት ትዞርና ሳጥኑ እንደነበረ ይመለሳል። እርሳቸው ይህን የቆጠሩት እንደ ስልክ ብልሽት ሳይሆን እንደ መገለል ነበር።

የፎቶና የቡድን መልእክት ችግር ከሌሎች የስልክ ችግሮች ሁሉ የሚከፋብኝ በዚህ ምክንያት ነው። መደወል ሲያቅት ባለቤቱ ወዲያው ያውቃል፤ ፎቶ ሳይደርስ ሲቀር ግን ላኪው ደርሷል ብሎ ያምናል፣ ተቀባዩ አልተላከልኝም ብሎ ያዝናል፣ በመካከል ያለውን ብልሽት የሚያየው ሰው አይኖርም። ችግሩ ከታወቀ በኋላም ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከመጨረሻው መፍትሔ ነው፤ አፑን ያጠፋሉ፣ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሳሉ፣ ከዚያም አልፈው አዲስ ስልክ ይገዛሉ። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው እላለሁ፤ መልእክቱ ጉዞውን ከጀመረ በኋላ የቆመው የት ላይ ነው?

ይህን ለመመለስ ጉዞውን ማወቅ ያስፈልጋል። ተራው የጽሑፍ መልእክት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1992 ለመጀመሪያ ጊዜ የተላከው ኤስኤምኤስ፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ስልኩ ጥሪ ለማስተላለፍ ከኔትወርኩ ጋር በሚነጋገርበት የምልክት መስመር ጽሑፉ ራሱ ተጭኖ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 ለገበያ የቀረበው፣ ፎቶና ቪዲዮ የሚያደርሰው ኤምኤምኤስ ግን አካሄዱ ሌላ ነው። የሚላከው ፎቶ መጀመሪያ የሚያርፈው በተቀባዩ ስልክ ላይ ሳይሆን በቴሌኮም ድርጅቱ የመልእክት ማከማቻ ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ለተቀባዩ በኤስኤምኤስ መንገድ አጭር ማሳወቂያ ይልካል፤ በማሳወቂያው ውስጥም ፎቶው የተቀመጠበት አድራሻ፣ መጠኑና በማከማቻው የሚቆይበት ጊዜ ሰፍሯል። ስልኩ ይህን ከተቀበለ በኋላ በሞባይል ዳታ ወደ ሰርቨሩ ሄዶ ፎቶውን ያመጣል። ነገሩ ዕቃ እንደመጣልን የሚገልጽ ወረቀት ቤታችን ድረስ ልኮ፣ ዕቃውን ግን ራሳችን ሄደን እንድንወስድ እንደሚጠብቅ ፖስታ ቤት ነው። ለአክስቴ ወረቀቱ ደርሷቸዋል፤ ወደ ፖስታ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ግን ተዘግቶባቸው ነበር።

ስለዚህ በስልኩ ላይ የሚታየው ምልክት ራሱ ብዙ ይናገራል። ሳጥኑ መጥቶ ፎቶው ካልወረደ ቁጥሩም ሆነ የጽሑፉ መስመር ደህና ናቸው፤ መታየት ያለበት የዳታው መንገድ ነው። ሳጥኑ እንኳ ካልመጣ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ላኪው ስልክ፣ ወደ ቴሌኮም ድርጅቱ ወይም ወደ ኋላ ወደማነሣው የአይሜሴጅ (የአፕል የመልእክት አገልግሎት) ጉዳይ ይዞራል። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው አንድ ሙከራ አለ፤ ከዚያው ስልክ ወደ ራሱ ቁጥር አንድ ትንሽ ፎቶ መላክ ነው። ፎቶው ሄዶ ተመልሶ ከገባና ከተከፈተ መሄጃውም መመለሻውም ክፍት ነው፤ ችግሩ ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ቡድን ጋር ብቻ የተያያዘ ነው ማለት ነው። ሳይሄድ ከቀረ፣ ወይም ሄዶ በግራጫ ሳጥን ከተመለሰ ግን ሕመሙ ያለው በእጃችን በያዝነው ስልክ ወይም በኔትወርኩ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚታየው የሞባይል ዳታ ነው። ዋይ ፋይ የሚጠቀም ሰው «ኢንተርኔቴ ይሠራል» ይላል፤ ነገር ግን የኤምኤምኤስ ሰርቨሩ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በድርጅቱ የራሱ ኔትወርክ ውስጥ ስለሆነ በቤት ዋይ ፋይ ላይደረስበት ይችላል። ዋይ ፋዩን ዘግቶ አንድ ድረ ገጽ መክፈት ጥርጣሬውን በአንድ ደቂቃ ያጠራዋል። አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች የሞባይል ዳታው ጠፍቶም ቢሆን ኤምኤምኤስ እንዲያልፍ የሚፈቅድ ማብሪያ በሲም ካርዱ ቅንብር ውስጥ አላቸው፤ ወጪ ለመቆጠብ ዳታቸውን ዘግተው ለሚውሉ ሰዎች ይህን ማብራት ይጠቅማል። ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ ላይ ደግሞ መልእክቱ የመጣበት ሲም አንድ፣ ዳታው የበራበት ሲም ሌላ ሆኖ ስልኩ መንገዱን ሳያገኝ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ዳታውን ለጊዜው ወደ መልእክቱ ሲም አዙሮ መሞከር ነው። ኢንተርኔቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞረው ቪፒኤንና ዳታ ቆጣቢም እንዲሁ መንገዱን ሊዘጉ ስለሚችሉ ሙከራው እስኪያልቅ ቢጠፉ መልካም ነው።

የአክስቴ ዳታ ግን ይሠራ ነበር። ድረ ገጹ ተከፈተ፤ በዋትስአፕ የላክሁላቸው ፎቶም ወዲያው ገባ። ይህ ራሱ ፍንጭ ነው፤ ዋትስአፕና ቴሌግራም የሚፈልጉት ተራ ኢንተርኔት ብቻ ሲሆን ኤምኤምኤስ ግን የራሱን በር ይፈልጋልና። ያ በር የሚመዘገበው ኤፒኤን በሚባለው የቅንብር ገጽ ላይ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ከሞባይል ኔትወርክ ቅንብር ሥር ይገኛል፤ በአይፎን ላይ ግን ቅንብሩ ከድርጅቱ በቀጥታ ስለሚመጣ ገጹ ላይታይ ይችላል። ገጹ ረዥምና የሚያስፈራ ቢመስልም ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉት አራት መስመሮች ብቻ ናቸው፤ የኤምኤምኤስሲ አድራሻ፣ የኤምኤምኤስ ፕሮክሲ፣ የኤምኤምኤስ ፖርትና የኤፒኤን ዓይነት። የመጀመሪያው ማከማቻው የት እንዳለ ይናገራል። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚታለፍበትን መንገድ ያሳያሉ፤ ፕሮክሲውን ባዶ የሚተዉ ድርጅቶች አሉ፣ ፖርቱም ብዙ ጊዜ 80 ወይም 8080 ነው። አራተኛው ይህ በር ለምን ለምን ሥራ እንደሚከፈት ይዘረዝራል። በአክስቴ ስልክ ላይ የአድራሻው መስመር ባዶ ነበር፤ በዓይነቱ መስመር ላይም ዲፎልት የሚለው ቃል ብቻ ተጽፏል። ስልኩ ቀድሞ ለሌላ ድርጅት ኔትወርክ ያገለግል ስለነበር፣ አዲሱ ሲም ሲገባበት የኢንተርኔቱን በር አግኝቶ የፎቶውን በር ሳያገኝ ቀርቷል።

ምንም ነገር ከመንካቴ በፊት ገጹን በራሴ ስልክ ፎቶ አነሣሁት፤ የቀድሞውን ቅንብር ሳይመዘግቡ መለወጥ መመለሻውን ራስ ላይ መዝጋት ነውና። ከዚያም ትክክለኛውን ቅንብር ከድርጅቱ ድረ ገጽ አውጥቼ አንድ በአንድ ጻፍሁ። በዓይነቱ መስመር ላይ ከዲፎልት ቀጥሎ ኮማ ተደርጎ፣ ክፍት ቦታ ሳይተው፣ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ኤምኤምኤስ ተብሎ ይጨመራል። ሆኖም የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም። መስመሮቹን ደግሜ ደጋግሜ ከድረ ገጹ ጋር ባመሳክርም ልዩነት አጣሁ። በመጨረሻ ጣቴን በአድራሻው ጫፍ ላይ አሳርፌ ጠቋሚዋ መስመር የት እንደምትቆም ሳይ፣ ከመጨረሻው ፊደል ቀጥሎ አንድ ክፍት ቦታ አልፋ ቆማለች። ኪቦርዱ ቃል ሲያሟላልኝ በራሱ የጨመረው ክፍት ቦታ ነበር። እርሱን አጥፍቼ፣ በላይኛው ጥግ ካሉት ሦስት ነጥቦች «አስቀምጥ» የሚለውን ነክቼ፣ ያንን ኤፒኤን መርጬ፣ የአውሮፕላን ሁነታውን ለጥቂት ሰከንዶች አብርቼ አጠፋሁት። «አስቀምጥ» የሚለውን ሳይነካ ወደ ኋላ የሚወጣ ሰው የጻፈው ሁሉ ሊጠፋበት ስለሚችል ይህን ደረጃ በጥድፊያ እንዳያልፉት አደራ እላለሁ።

መንገዱ ተከፈተ፤ የእህቴ ፎቶ ግን አልወረደም። አሁን የመጣው ጽሑፍ መልእክቱ ጊዜው እንዳለፈበት የሚገልጽ ነበር። ማከማቻው ማንም ያልወሰደውን መልእክት የሚያቆየው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ስልኩ ቢስተካከልም የቆየው ሳጥን ሊከፈት አይችልም። ብዙ ሰው ያስተካከለው ነገር እንዳልሠራ የሚቆጥረው እዚህ ላይ ነው፤ በአሮጌው ሳጥን ሳይሆን አዲስ በሚላክ ፎቶ መፈተን ያስፈልጋል። ለእህቴ ደውዬ እንደገና አስላክኋት፤ ጥቂት ሰከንዶች ሳያልፉ ፎቶው ገባ። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት።

መንገዱ ደህና ሆኖ ሳጥኑ ብቻ የሚመጣበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ኤምኤምኤስን በራስ ሰር ማውረድ የሚለው ቅንብር ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ስቴጅፍራይት በሚል ስም የታወቀ የአንድሮይድ የደኅንነት ክፍተት ተገልጾ ነበር፤ ተንኮል ያለበት የቪዲዮ መልእክት ባለቤቱ ሳይከፍተው እንኳ በራሱ ወርዶ ስልኩን ሊጎዳ ይችል ስለነበር፣ በዚያን ጊዜ ራስ ሰር ማውረዱን ማጥፋት በሰፊው ይመከር ነበር። ምክሩ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ክፍተቱ ከተደፈነ በኋላም ቅንብሩን ሳይመልሱት የቀሩ ሰዎች እስካሁን እያንዳንዱን ፎቶ በእጃቸው ያወርዳሉ። ከአገር ሲወጡ ደግሞ በሮሚንግ ጊዜ ማውረድን የሚመለከት ለብቻው የቆመ ማብሪያ አለ።

ፎቶው የማይሄደው ከላኪው ዘንድ ከሆነ በቅድሚያ የምጠረጥረው መጠኑን ነው። ዛሬ የስልክ ካሜራ የሚያነሣው አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሜጋባይት ይደርሳል፤ በኤምኤምኤስ የሚያልፈው ግን እንደ ድርጅቱ ከ300 ኪሎባይት እስከ 1 ሜጋባይት ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። የመልእክት አፑ ፎቶውን ጨምቆ በዚያ መጠን ውስጥ ለማስገባት ይሞክራል፤ የደረሰው ፎቶ የደበዘዘ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። ቪዲዮ ከዚህ የባሰ ነው፤ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ያለው ቪዲዮ እንኳ ተጨምቆ መልኩ እስኪጠፋ ሊደርስ ወይም ጭራሽ ላይሄድ ይችላል። የሚላከው በጽሑፍ የተሞላ ወረቀት ከሆነ አስፈላጊውን ክፍል ብቻ ቆርጦ መላክ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ጭምቀቱ የሚያጠፋው ይቀንሳልና። ጥራቱ የግድ በሚያስፈልግበት ጊዜ ግን ፎቶውን በጉግል ፎቶስ ወይም በአይክላውድ ላይ አስቀምጦ ሊንኩን መላክ ትክክለኛው መንገድ ነው።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ፎቶ ሳንልክ በዚሁ ችግር የምንያዝበት አጋጣሚ አለ፤ ሲነገር ስለማልሰማው እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 140 ባይት ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ይህ 160 ፊደል ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ በአንድ መልእክት የሚገባው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ መልእክቱ ሲረዝምና ሲከፋፈል ደግሞ መቀጣጠያው ቦታ ስለሚወስድ በየክፍሉ 67 ይቀራል። እንግዲህ 300 ፊደል ያለው የእንግሊዝኛ መልእክት በሁለት ክፍል ሲያልቅ፣ ያንኑ ያህል የአማርኛ መልእክት አምስት ክፍል ይሆናል። አንዳንድ የመልእክት አፖች ክፍሎቹ ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፉ መልእክቱን ለባለቤቱ ሳይነግሩ ወደ ኤምኤምኤስ ይቀይሩታል። በዚህ ጊዜ የኤምኤምኤስ መንገዱ የተዘጋ ሰው አጫጭር መልእክቱ እየሄደ ረዥሙ ብቻ እምቢ ሲለው ምክንያቱን ሊያውቅ አይችልም። በመልእክቱ ላይ ርእስ መጨመርም ሆነ ለኢሜይል አድራሻ መላክ እንዲሁ ወደ ኤምኤምኤስ ይቀይረዋል። ረዥሙን ለሁለትና ለሦስት ከፍሎ መላክ ለጊዜው ይረዳል፤ ነገር ግን በሽታው ከላይ ያለው ነው።

ወደ ቡድን መልእክት ስንመጣ ማወቅ የሚገባው ነገር፣ ኤስኤምኤስ ቡድን የሚባል ነገር የማያውቅ መሆኑ ነው። ለስምንት ሰው የተላከ ኤስኤምኤስ ስምንት የተለያዩ መልእክቶች ናቸው፤ ተቀባዩ ሌሎቹ ሰባት እነማን እንደሆኑ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቡድን የሚፈጠረው መልእክቱ በኤምኤምኤስ ሲሄድ ነው፤ የሁሉም ቁጥር በመልእክቱ ራስጌ ላይ ስለሚሰፍር እያንዳንዱ ስልክ ምላሹን ለሁሉም መላክ ይችላል። ስለዚህ የቡድን መልእክት አንዲት ቃል ብቻ ቢይዝም ኤምኤምኤስ ነው፤ ፎቶ የማይገባበት ስልክም ከቡድን ወሬ ውጭ ይቀራል። በጉግል የመልእክት አፕ ከፍተኛ ቅንብሮች ውስጥ ምላሹ በቡድን ኤምኤምኤስ ይሂድ ወይስ ለየሰዉ በኤስኤምኤስ ይሂድ የሚል ምርጫ አለ። በአይፎን ላይ የኤምኤምኤስ መልእክትና የቡድን መልእክት የሚሉ ሁለት ማብሪያዎች በመልእክቶች ቅንብር ውስጥ ይገኛሉ፤ ሁለቱም መብራት አለባቸው።

ቡድኑ አይፎንና አንድሮይድ ሲቀላቀልበት ጉዳዩ ይወሳሰባል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው አይሜሴጅ በአፕል መሣሪያዎች መካከል ብቻ በኢንተርኔት የሚሄድ ነው። ከአይፎን ወደ አንድሮይድ የተሻገረ ሰው ቁጥሩ በአይሜሴጅ ተመዝግቦ ከቀረ፣ አይፎን የያዙ ወዳጆቹ የሚልኩለት መልእክት ወደ አሮጌው አድራሻ ሄዶ ይጠፋል፤ ግራጫው ሳጥን እንኳ አይመጣም። መፍትሔው አሮጌውን አይፎን ከመስጠት በፊት አይሜሴጅን ማጥፋት ነው፤ ስልኩ ከእጅ ከወጣም አፕል ቁጥሩን የሚያሰርዝበት ገጽ ስላለው፣ በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ኮድ በዚያ ገጽ አስገብቶ ማሰረዝ ይቻላል። አርሲኤስ የተባለው አዲሱ የመልእክት ሥርዓት፣ አይፎንም እ.ኤ.አ. በ2024 በአይኦኤስ 18 የተቀበለው፣ ትልልቅ ፎቶዎችንና ቡድኖችን ከኤምኤምኤስ በጣም በተሻለ ሁኔታ ያስተናግዳል። ሆኖም ሲሙ ወደ ሌላ ስልክ ሲዛወር ምዝገባው በአሮጌው ላይ ሊቀር ስለሚችል ከመዛወሩ በፊት እዚያ ማጥፋት ይገባል።

የቀሩት ነገሮች ፈጥነው የሚታዩ ናቸው። የስልኩ ቦታ ሞልቶ እንደሆነ፣ ሁለት የመልእክት አፕ ካለ ዋናው የትኛው እንደሆነ፣ አፑ አዲስ እትም እንዳለው አይቶ፣ ካሹን፣ ማለትም አፑ ለጊዜው ያጠራቀመውን ፋይል፣ አጽድቶ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ነው። ካሽን ማጽዳትና የአፑን ዳታ ማጽዳት አንድ እንዳልሆኑ ግን ልብ ይበሉ። የኔትወርክ ቅንብርን ዳግም ማስጀመር መልእክትም ሆነ ፎቶ አያጠፋም፤ የተቀመጡትን የዋይ ፋይ የይለፍ ቃሎችና የብሉቱዝ ትስስሮች ግን ሊያጠፋ ይችላል። ስልኩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስን በዚህ ጉዳይ ለማንም አልመክርም፤ ሰው የዓመታት ፎቶውን አጥቶ በመጨረሻ ጥፋቱ የአንድ መስመር ኤፒኤን ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ። ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተቻለ ሲሙን በሌላ ስልክ ላይ መሞከር ነው፤ እዚያም እምቢ ካለ ኤምኤምኤስ በቁጥሩ ላይ ተከፍቶ እንደሆነ ድርጅቱን መጠየቅ ይቀራል። ሲደውሉ «ስልኬ አይሠራም» ከማለት ይልቅ «ማሳወቂያው ይደርሰኛል፣ ዳታዬም ይሠራል፣ ፎቶው ግን በሌላ ስልክም ላይ አይወርድም» ቢሉ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ባለሙያ ቶሎ ያደርሳል።

የአክስቴ ነገር በፎቶው አላበቃም። በዚያው ምሽት ለቡድኑ የጻፉት የደስታ መልእክት ለእያንዳንዳችን ለብቻ ደረሰን፤ እኛም በቡድኑ ውስጥ የተጻፈ ስላልመሰለን ለየብቻ መለስንላቸው፣ በስልካቸውም ላይ ስምንት የተበታተኑ ወሬዎች ተከፈቱ። ምርጫውን ወደ ቡድን ኤምኤምኤስ ብቀይረውም በማግስቱ ሌላ እንግዳ ነገር መጣ፤ በቡድኑ አባላት ዝርዝር ውስጥ የራሳቸው ስልክ ቁጥር እንደ ሌላ ሰው ተቆጥሮ ገብቷል፣ የጻፉትም ለራሳቸው ተመልሶ ይመጣላቸዋል። በአፑ ቅንብር ውስጥ የስልክ ቁጥር የሚለውን መስመር ስከፍት የተመዘገበው ከብዙ ጊዜ በፊት የተዉት ቁጥር ነበር። አፑ የባለቤቱን ቁጥር ካላወቀ፣ ከቡድኑ ቁጥሮች መካከል የትኛው ባለቤቱ እንደሆነ ሊለይ አይችልም። ቁጥሩን አርሜ፣ አዲስ ቡድን ከፍተን፣ እህቴ ሌላ ፎቶ ላከችበት። የተበታተኑትን ስምንቱን ወሬዎች ልሰርዛቸው ስል አክስቴ እጄን ያዙ፤ የእያንዳንዳችን የመጀመሪያ መልስ በውስጣቸው ነበርና። ስለዚህ አልሰረዝኋቸውም፤ በአፑ ማኅደር ውስጥ አስቀመጥኋቸው።